የካሌዶኒያን ሮዱ ሴናተር

መብርሃቶም ፔንስልቬንያን በወረዳ በወረዳ ያውቃታል። የሚኖርበት ሕንጻ ሊፍት ከገና ወዲህ ለምን እንደቆመ ግን አያውቅም። በስድሳ ሰባት ዓመት ዕድሜው ንጉሡ ድምፁን ጠይቀውት አያውቁም፤ ደርግ ሳይጠይቅ አሰረው፤ አሥመራ አንድ ጊዜ በሕዝበ ውሳኔ ጠየቀችው፣ «አዎ» ሲላት ሁለተኛ መጠየቁን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ለንደን ሳትታክት ትጠይቀዋለች፤ እሱ ግን የካውንስሉ ምርጫ ካርድ በበሩ ቀዳዳ ሲወድቅ ከፒዛ ማስታወቂያው ጋር ጠቅልሎ ይጥለዋል። የእሱ ምርጫ ባሕር ማዶ ነው፤ ማንም ያልጋበዘው፣ ስሙ በመዝገቡ ያልሰፈረበት፣ የአሜሪካ ምርጫ።

ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ በልብስ ማጠቢያውና በቁማር ቤቱ መሐል፣ ሮማንወርቅ የምትባል ሴት የከፈተቻት ባለ ስድስት ጠረጴዛ ካፌ አለች። እዚያ «ሴናተር» ነው የሚሉት። ሹመቱ ለፌዝ ነበር የተሰጠው፤ እሱ ግን በቁም ነገር ተቀበለው። ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ወንበር የእሱ ናት። ማኪያቶውን ከፊቱ አስቀምጦ የትኛው ግዛት ስንት ድምፅ እንዳለው፣ ሴኔቱ ምን ማጽደቅ ምን መሻር እንደሚችል፣ የትኛውን ዳኛ ማን እንደሾመው ይዘረዝራል። የካፌው ደንበኛ በሁለት ፓርቲ ተከፍሏል። ከመሐላቸው ከሒትሮው ተነሥቶ ኒውዮርክ የወረደ አንድም የለም፤ በኒውዮርክ ጉዳይ የተኳረፉ ግን አራት አሉ።

ሰውየው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በዐሥራ ስምንት ዓመቱ፣ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ተማሪ ሳለ፣ በብብቱ ሥር ወረቀት ሸጉጦ ያድል ነበር። ወረቀቱ አሜሪካ የሰፊው ሕዝብ ደም መጣጭ መሆኗን በሁለት ገጽ ያብራራል፤ ሰፊው ሕዝብ ደግሞ ወረቀቱን ቆሎ ይጠቀልልበታል። ዓመት ከመንፈቅ ታሰረበት። ከእስር ሲወጣ ወረቀቱን ጣለ፤ በወረቀት ማመኑን ግን አልጣለም። በሱዳን አድርጎ ለንደን ገባ፣ ሃያ ሁለት ዓመት 259 ቁጥር አውቶቡስ ነዳ፣ ጡረታ ወጣ፤ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ለአሜሪካ ሰጠ። በወጣትነቱ የረገማትን ያህል በሽምግልናው ሰበካት።

«እኛ ጋ ያለው ሰው ነው» ይላል ጣቱን አንሥቶ። «እነሱ ጋ ያለው ሕግ ነው። ሰው ይሄዳል ይመጣል፣ ሕጉ ይቀራል።»

የሚከራከረው ከማለዲን ነው፤ የደሴ ልጅ፣ የሚኒካብ ታክሲ ሾፌር። ከማለዲን እንደሚለው ሁለቱ ፓርቲዎች አንዱ የግራ ፍሬቻ፣ አንዱ የቀኝ ፍሬቻ እያበራ ሁለቱም ቀጥ ብለው የሚሄዱ መኪኖች ናቸው፤ እግረኛው ግን ፍሬቻውን አምኖ ይሻገራል። ካፌው ይስቃል። ሴናተሩ አይስቅም።

ይህ ሁሉ የጡረተኛ ጨዋታ ሆኖ በቀረ ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር? ማንም። ነገር ግን ካምፓላ ውስጥ ራህዋ አለች።

ራህዋ የሟች እኅቱ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተነሣ ሰሞን በዐሥራ አንድ ዓመቷ ከእናቷ ጋር በአውቶቡስ ተጭና ወደ አሥመራ ተባረረች። ከዚያም በእግሯ ወጣች። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏት፣ ባሏ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ለአሜሪካ የስደተኞች ፕሮግራም ዘጠኝ ዓመት ተሰልፋለች። አሻራ ሰጥታለች፣ ደም ሰጥታለች፣ የልጆቿን ሳንባ ራጅ አስነሥታለች፤ አንዱን ታሪክ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች ሦስት ጊዜ ተናግራ ሦስት ጊዜ አልቅሳለች። ሁለት በረሃ ያቋረጠች ሴት ናት። ነገር ግን በእነመብርሃቶም ቤት የቤተሰቡ ታላቅ ወንድ ቃል ሳይሰጥ አንዲት ፊርማ አትፈረምም። «አጎቴ ምን ይላሉ?» ሳትል እርምጃ አትራመድም። እንዲህ ያለ ሥልጣን ዋይት ሀውስ ውስጥም የለም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ክርስትና ላይ፣ ሉቺያ ወደ መብርሃቶም ጠጋ አለች። ሉቺያ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር፣ ከባቡር ድልድዩ ሥር ልብስ የምታስተካክል ስፌተኛ ናት፤ አሥመራ በጣልያን መነኮሳት እጅ ተምራ አዲስ አበባ የሠራች ካቶሊክ። እኅቷ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ፣ በአንድ ደብር ስደተኛ ቤተሰብ ዋስ ሆነው በሚያስመጡ ምእመናን ኮሚቴ ውስጥ ትሠራለች። ለራህዋና ለልጆቿ ቦታ እንዳለ በጆሮው ነገረችው። በጆሮው የተነገረውን በጆሮዋ ቢመልስ ምን ነበረበት? ሴናተሩ ግን ሕዝብ ሲያይ ዝም ማለት አይሆንለትም። ብድግ ብሎ ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት ለሃያ ደቂቃ ተናገረና በዚች ቋጨው፦ «አንቺ የቄስ ፊርማ ነው ያለሽ። እኔ የመንግሥት ፊርማ ይዣለሁ።» ሰዉ ሳቀ። ሉቺያ ቦርሳዋን አንሥታ ምግቡ ሳይቀርብ ሄደች። ራህዋም «ተዪው፣ አሜሪካን ጠብቂ» ተባለች። ቦታው ለሌላ ቤተሰብ ሆነ፤ እነሱ ዛሬ ዊኒፔግ ላይ በረዶ ሲዝቁ የተነሡትን ፎቶ ይልካሉ።

የመንግሥቱ ፊርማ መጣ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የበረራ ቀን ተቆረጠ። ከተማው ኔብራስካ ውስጥ ኦማሃ ነው ተባለ። መብርሃቶም ለራህዋ ስለ ኔብራስካ በስልክ ሁለት ሰዓት አስተማራት፤ ግዛቲቱ የምርጫ ድምፅዋን እንደ ብዙዎቹ በጅምላ እንደማትሰጥ፣ በወረዳ እንደምትከፋፍል፣ ስለዚህ የራህዋ አንዲት ድምፅ አንድ ቀን ፕሬዝዳንት ልትመርጥ እንደምትችል። ራህዋ የጠየቀችው ብርድ አለ ወይ ብላ ነበር። ዕቃሽን ሽጪ አላት። አልጋውን፣ ምድጃውን፣ የልጆቹን መጻሕፍት ሸጠች፤ የተከራየችውን ክፍል ለቀቀች። በረራው ሰባት ቀን ሲቀረው አዲሱ መንግሥት ገባና ፕሮግራሙ ተዘጋ። ለራህዋ በስልኳ ሁለት መስመር ደረሳት። እነሆ ዐሥር ሳምንት፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር የሌላ ቤተሰብ ሳሎን ወለል ላይ ትተኛለች።

ያኔ ሴናተሩ ብዕሩን አነሣ። ለዐሥራ አንድ የምክር ቤት ሰዎች፣ ከሁለቱም ወገን፣ በሚያምር እንግሊዝኛ ጻፈ። የድረ ገጻቸው ፎርም የአሜሪካ ፖስታ ቁጥር ካላስገባህ አልላክም አለው፤ ባለ ፊደሉን የለንደን ፖስትኮድ እንቢ አለ። ዳላስ የሚኖረውን የከማለዲን አማች የፖስታ ቁጥር ተበደረ። መልስ በመልስ ላይ ዘነበ። «ውድ የቴክሳስ ወዳጃችን!» የራህዋን ስም ያነሣ ግን የለም። አንደኛው ወገን ሌላኛው አገሪቱን ሊሸጣት ነውና ቶሎ አምስት ዶላር ላክ ይላል፤ ሌላኛውም ያንኑ ይላል፣ ቀለሙ ብቻ ይለያል። ከዚያች ሁሉ አሜሪካ እንደ ሰው የጻፈችለት አንዲት ብቻ ናት፤ ኦማሃ ላይ ቤቱን አዘጋጅታ ራህዋን ትጠብቅ የነበረች የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ። እሷም ከሥራ መሰናበቷን ነገረችው። «ሦስቱን አልጋ አንጥፌ ነበር» ብላ ጻፈች። «ማን እንደሚያነሣቸው አላውቅም።»

ይህንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብቦታል። ለካፌው ግን አላነበበውም።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከቀኑ ሰባት ተኩል። መብርሃቶም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በስደተኞቹ ፕሮግራም ላይ የተጣለውን እገዳ አንድ የአሜሪካ ዳኛ አገደው ስለ መባሉ እያስረዳ ነው። ጧት ለራህዋም ይህንኑ ጽፎላታል። ከማለዲን የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨለ ገባና አጠገቡ ተቀመጠ። ኤሌፋንት ሰው አድርሶ፣ ሉቺያ ጋ ለሱሪው ጎራ ብሎ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው፦ ከዊኒፔጉ ዝርዝር ውስጥ አንድ ቤተሰብ ወጥቷል፤ ቦታው ክፍት ነው፤ ኮሚቴው የስም ዝርዝሩን የሚዘጋው ዛሬ በለንደን ሰዓት ከቀኑ ዐሥር ላይ ነው። ሉቺያ ደግሞ በስልክ አታነጋግርም፤ ሰውየው ራሱ ይምጣ ብላለች።

መብርሃቶም ማኪያቶውን አማሰለ። ዳኛው እኮ ወስኗል፣ አለ።

«ሌሎቹ ዳኞችስ?» አለ ከማለዲን።

ሌሎች ዳኞች የመጀመሪያውን ዳኛ እገዳ ከፊሉን አግደውታል። መብርሃቶም ይህንን ያውቃል። ያውቃልና ማኪያቶውን እንደገና አማሰለ።

«ጋሼ» አለ ከማለዲን፤ ሴናተር አላለውም። «ልጅቱ ወለል ላይ ናት። ተነሡ።»

መብርሃቶም ወደ ኪንግስ ክሮስ ወርዶ 63 ቁጥር አውቶቡስን ያዘ። ከላይኛው ፎቅ ፊት ለፊት ተቀመጠና የሚለውን ያዘጋጅ ጀመር። የድሮ ወረቀት አዳይ በቃላት አይቸገርም፤ «በወቅቱ ከነበረው ተጨባጭ ሁኔታ አንጻር» የሚል መጣለት፤ «ስልታዊ ማፈግፈግ» የሚል መጣለት። ከአፉ የራቀችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እሷን በዐርባ ዘጠኝ ዓመት ፖለቲካው አንድም ወረቀት ላይ ታትማ አላያትም።

ፋሪንግደን ላይ መኪናው ተቆላልፎ ቆመ። ስምንት ተኩል፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። ብላክፍራያርስ ድልድይ አጠገብ ሲደርሱ የድምፅ ማጉያው ያቺን የሚያውቃትን ነገር ተናገረ፦ ይህ አውቶቡስ እዚህ ያበቃል፤ እባክዎን ዕቃዎን ይዘው ይውረዱ።

ሃያ ሁለት ዓመት ይህችን ቃል ለሌላው አሰምቷል። መቆጣጠሪያ ክፍል የተቀመጠ፣ መንገዱንም ተሳፋሪውንም የማያይ ሰው፣ ሰዓቱ እንዲስተካከልለት አውቶቡሱን መንገድ ላይ አስቁሞ ያዞረዋል። ሰሌዳው ላይ መኪናው በሰዓቱ ነው፤ አሮጊቷ ከነዘንቢሏ ዝናብ ላይ ናት። ያኔ ተሳፋሪው የሚሳደበው ሾፌሩን ነበር፤ ሾፌሩም «እኔ ምን ላድርግ፣ ከላይ ነው» ይል ነበር። መብርሃቶም በድልድዩ ላይ ነፋሱን እየገፋ በእግሩ ሄደ። የራህዋን አውቶቡስ ያዞረው ከላይ ያለው ሰው ነው፤ እውነት ነው። ግን አጠገቧ የቆመውን ሌላ አውቶቡስ «አትሳፈሪበት» ያላት ማን ነው? ይህንን ከላይ ነው ብሎ የሚያሳብብበት መቆጣጠሪያ ክፍል አላገኘም።

ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር ላይ እያለከለከ ከሉቺያ ሱቅ ገባ። የሱሪ እግር እያሳጠረች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ደህና ዋሉ፣ አቶ መብርሃቶም።»

ሃያ ዓመት «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት ናት። ከድልድዩ ነፋስ ይልቅ ይህ አበረደው።

«ከማለዲን ነገረኝ» አለ።

«ምን ብሎ?»

«ቦታ አለ ብሎ።»

«ቦታማ ያኔም ነበረ።» የስፌት መኪናውን ረገጠች። «የቄስ ፊርማ ያለበት።»

ክሩን በጥርሷ ቆርጣ ነገሩን በአጭሩ አስረዳችው። ኮሚቴው የአሜሪካ ፋይሉ ክፍት የሆነ ሰው አይቀበልም፤ አምና አንድ ቤተሰብ ቤት ከተከራዩለት በኋላ አሜሪካ ተገኘ ብሎ ጥሏቸዋል። ስለዚህ ራህዋ በገዛ እጇ ጽፋ፣ ፈርማ፣ የአሜሪካውን መዝጋቷን ማሳወቅ አለባት፤ ወረቀቱ ከዐሥር ሰዓት በፊት ካልደረሰ ተከታዩ ቤተሰብ ይገባል።

«ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው» አለ መብርሃቶም። «ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችውን በአንድ መስመር ዝጊው ልበላት? ነገ እናንተ ባይሳካላችሁስ?»

«ላይሳካልን ይችላል። ካናዳም መንግሥት አላት፤ ፈራሚ እዚያም ይቀየራል። እኔ ሱሪ ነው የማሳጥረው፣ ዋስትና አልሸጥም።» መቀሷን አስቀመጠች። «እኅቴ ግን የልጆቹን የጫማ ቁጥር ጠይቃኛለች። የእርስዎ ኮንግረስ ጠይቋል?»

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። አወጣው፤ ከዐሥራ አንዱ የአንዱ ስም ነው። መነጽሩን ለማድረግ ሁለት ጊዜ ሞከረ። ደብዳቤው እንዲህ ይጀምራል፦ «መብርሃቶም፣ ታሪክህ ልባችንን ነክቶታል።» በጣቱ ወደ ታች ገፋው።

«መልስ መጣ?» አለች ሉቺያ።

«መጣ።»

«ምን አሉ?»

«አምስት ዶላር።»

ሉቺያ አልሳቀችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ አየች፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። መብርሃቶም ለራህዋ ደወለ። ስልኩን ከስፌት ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ድምፁን ከፈተው። ካምፓላ ላይ ቀኑ ወደ ማምሻው ነበር፤ የሌላ ቤት ቴሌቪዥንና የሌላ ቤት ልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«አጎቴ፣ ደህና ነዎት?» አለች ራህዋ። «ዳኛው ፈረደ እንዴ?»

ተስፋውን ጧት የላከላት ራሱ ነው። «በወቅቱ ከነበረው ተጨባጭ ሁኔታ አንጻር…» ብሎ ጀመረ።

ሉቺያ መርፌዋን አቆመች። ራህዋም ከወዲያ ጠበቀች። ሁለት ሴቶች ሲጠብቁት ቃላቱ ሁሉ እዚያው አፉ ውስጥ ደረቁ።

«ራህዋ» አለ። «ዳኛው አያውቅሽም። ሴኔቱም አያውቅሽም፤ አንዳቸውም ስምሽን አያውቁትም። ያኔ የሉቺያን ቦታ ተዪው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ዕቃሽን ሽጪ ያልኩሽም እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

ከወዲያ ማዶ ሴት ልጇ «ማነው?» ስትል ተሰማ። ራህዋ ዝም አሰኘቻት። ከዚያ ያው የለመደው ጥያቄ መጣ።

«እና አሁን ምን ይላሉ፣ አጎቴ?»

እነሆ ሥልጣኑ፣ እንዳለ ተመለሰለት። ሊይዘው ይችል ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ በትክክል ቢያዝዝበት ሁሉንም ያስረሳ ነበር። ሰዓቱን አየ፤ ሉቺያን አየ።

«እኔ የምለው የለኝም። ሉቺያ ትንገርሽና አንቺ ወስኚ።»

«እኔ?»

«አንቺ።»

ሉቺያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ለእሱ የነገረችውን ለራህዋም ነገረቻት፤ አልቀነሰችም፣ አልጨመረችም። ራህዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እትዬ ሉቺያ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ስንት ጊዜ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

«እሺ» አለች ራህዋ፤ ምንም ሳታስረዝም። «ወረቀት ልፈልግ።» ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ መብርሃቶም አያስታውስም። የሚያስታውሰው ከበላያቸው ባቡር ባለፈ ቁጥር የክር ጥቅሎቹ መደርደሪያው ላይ መንቀጥቀጣቸውን ነው። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ምንም የለም። ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ፎቶ መጣ፤ የተንቀሳቀሰ፣ ጭስ የመሰለ። አይነበብም፣ ድገሚው፣ ብላ ሉቺያ ጻፈች። መልስ የለም። መብርሃቶም ተነሥቶ በሩ ጋ ቆመ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። አራት ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛው መጣ፤ ጥርት ያለ። ከልጅ ደብተር የተቀደደ ገጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በጥንቃቄ የተጻፉ ሁለት መስመሮች። የመጀመሪያው የአሜሪካውን ፋይል መዝጋቷን ይናገራል። ሁለተኛውን ማንም አልጠየቃትም፦ «ይህን የወሰንኩት እኔ ራሴ ነኝ።»

ሉቺያ ወደ እኅቷ አስተላለፈችው። ከዐሥር ሰዓት ተኩል በኋላ የራህዋና የሁለቱ ልጆች ስም ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን የሚገልጽ መልስ መጣ፤ የመጨረሻው ቁጥር ላይ።

መብርሃቶም ስልኩን ከፍቶ የአምስት ዶላሯን ደብዳቤ ግርጌ ፈለገ። በጉንዳን ፊደል የተጻፈች፣ «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» የምትል መሰናበቻ አለች። ነካት። ገጹ ሊለዩን ያሰቡት ለምንድን ነው ሲል ጠየቀው፤ መልሱንም ራሱ ደርድሮለታል፦ መልእክቱ በዛብኝ፤ መልእክቱ አይመለከተኝም፤ አልተመዘገብኩም። ከሁለት ልጆቿ ጋር ወለል ላይ ስለምትተኛ ሴት የሚናገር ሣጥን አልነበረም። ብዙ አሰበና «አይመለከተኝም» ላይ ምልክት አደረገ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሉቺያ፣ ሱሪውን እያጠፈች።

«ከአሜሪካ እየወጣሁ ነው።»

«ገብተው ያውቃሉ እንዴ?»

መብርሃቶም መልስ ሊሰጣት አፉን ከፍቶ ሳለ ስልኩ ነዘረ። ጥያቄዎ ደርሶናል ይላል፤ በዐሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጸማል። ዋሽንግተን ለመብርሃቶም ቀን ቆርጣ የመለሰችለት ጉዳይ ይህ ብቻ ነው።